የፎርማኑ ሰባት ጭፍሮች

ወንድሜ የሙታን ጦር ያዝዛል ብል አበደች ትሉኛላችሁ። ግን እውነቴን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ ቁርሱን ከበላ በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ አፅሞች ሲያሰልፍና ሲያዘምት ዓይኔ እያየ ኖሬያለሁ። እኔ እዚያው ሳሎን ማዶ ጥግ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የኔ መኪና ትንጫጫለች፣ የሱ ኮምፒውተር ደግሞ ሠራዊቱ በተራመደ ቁጥር አጥንት ያንኳኳል። ልትለካ የመጣች ደንበኛ ያንን ድምፅ ሰምታ «ምንድን ነው እሱ?» ካለችኝ፣ «ወንድሜ ነው፣ ጦርነት ላይ ነው» እላትና ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ሰፈሩ «ፎርማኑ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት ብሎኬት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፣ አሥራ አምስቱን በፎርማንነት። ድምፁ ከማሽኑ በላይ ይሰማ ነበር ይላሉ፤ እኔም አልጠራጠርም፣ ልጅ ሆነን ከቤት ሲጠራኝ ከሦስት ሰፈር ማዶ እሰማው ነበር። እኔ ታናሹ ነኝ፣ ጋሼ ነው የምለው። ባሌን ካሰናበትኩ ወዲህ አብረን ነን። ባሌን ያሰናበትኩበትን ነገር ተዉት፣ ለእሱም ለእኔም በጅቷል።

ከሁለት ዓመት በፊት የፋብሪካው መጋዘን ግድግዳ ወደቀ። ግድግዳው ሥር የሲሚንቶ ከረጢት ሲደረድሩ የነበሩ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ፍርስራሹ አንድ እግሩን ብቻ ነው የያዘው። ከዚያ ፋብሪካው ጥፋተኛ አገኘ። ከሟቾቹ አንዱ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ ሹፌር ነበር፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግድግዳውን ገጭቶ ስድስት ጓደኞቹንም ራሱንም ጨረሰ ተባለ። ከሰባቱ ሌላ እዚያ የነበረ ወንድሜ ብቻ ነው። ሲጠይቁት «አላየሁም» አለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ያልተዘጋለት አንድ ሰው ነበር፣ የሹፌሩ አባት። ድሮ አናጢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ጣታቸው አንዷ ጎዶሎ ናት። በየወሩ መጀመሪያ ይመጣሉ። የኔን የደንበኛ ወንበር አቀርብላቸዋለሁ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ ያስታወስከው ነገር አለ?»

«የለም አባባ።»

«እውነት ልጄ ከሆነ የገደላቸው፣ ልቀበል። ብቻ ያየ ሰው ይንገረኝ።»

«አላየሁም አባባ።»

አመስግነው ይሄዳሉ። አንድ ቀን አንጀቴ አልችል ብሎ በር ድረስ ሸኘኋቸውና፣ «አባባ፣ ልጅዎ አስቦ አላደረገውም። ሥራ ላይ ሰው ይሳሳታል። ይቀበሉትና ይረፉ» አልኳቸው። ጥሩ ምክር የመከርኩ መስሎኝ ነበር። ምላሴ በተቆረጠ።

የጦርነት ጌሙን ያመጣው ከኛ በላይ የሚኖረው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የወንድሜ እግር በጀሶ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ በዋለ ሰሞን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ ከማፍጠጥ ይሄ ይሻላል» አለው። ግድግዳ የምትለውን ቃል ሲሰማ ወንድሜ ፊቱን አዞረ፤ ጠጋኙም ምን እንዳለ ገብቶት ኩም አለ።

ጌሙ ውስጥ ብዙ መንግሥታት ይዋጋሉ፤ ጠጋኙ ራሱ የሰዎቹን መንግሥት ነው የሚጫወተው፣ ወንድሜንም በዚያው አስጀመረው። ሦስት ቀን አልቆየበትም። አንድ ጭፍራ መቶ ሃያ ወታደር ነው፤ የሰው ጭፍራ ሁሉ ከራሱ በላይ አንዲት ቢጫ መስመር አለችው፣ ወኔው ናት። ጓደኞቹ ሲወድቁ፣ ከኋላ ሲመታ፣ የማይችለው ነገር ሲመጣበት መስመሯ ታጥራለች። ስታልቅ ጭፍራው ጦሩን ጥሎ ይሮጣል፤ ብታዝዘውም አይሰማህም። ወንድሜ መጀመሪያ ሲሮጡ ያየ ቀን ማውሱን ለቀቀው።

«ይሸሻሉ እኮ» አለ።

ጠጋኙ ሳቀ። «ሰው ናቸዋ ጋሼ። ምን ያድርጉ?»

ወንድሜ አልሳቀም። «የማይሸሽ የለም?» አለው።

ነበረ። ሙታኑ አይሸሹም። ጠጋኙ ወንበር ስቦ ሲያስረዳው እኔ ዚፕ እየገጠምኩ እሰማ ነበር። የሙታን ጭፍራ ቢጫ መስመር የለውም። ስለማይራብ ስንቅ አያስጭንም፣ አይታመምም፣ ክረምት መንገድ ላይ ቢይዘው ግድ የለውም። ቀርፋፋ ነው፤ ፈረሰኛ ሦስቴ ዞሮት ይመለሳል። አንድ በአንድ ካየኸው ደግሞ ምንም አይረባም፣ የብረት ጥሩር የለበሰ ወታደር አምስት አፅም በትኖ ያልፋል። ጉልበቱ ብዛቱ ነው። ውጊያ ባለቀ ቁጥር አስነሺ የሚሉት አዛዥ ሜዳው መሀል ይቆምና የወደቀውን ሁሉ ያስነሳል፣ የራሱን ወገን ብቻ ሳይሆን የጠላቱንም። ጠዋት ሲወጋህ የዋለው ከሰዓት በኋላ ያንተ ሰልፍ ውስጥ ይቆማል። ሰዎቹ አሸንፈው እንኳ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ሙታኑ ግን ሜዳው እጃቸው እስከገባ ድረስ ከገቡት በልጠው ይወጣሉ።

«ታዲያ ማን ይችላቸዋል?» አልኩ ሳላስበው።

«አስነሺውን የገደለ» አለኝ ጠጋኙ። «እሱ ከወደቀ ሁሉም ይፈራርሳሉ። ከሱ ብዙ ከራቁም እንደዚያው። የቆሙት በሱ ፈቃድ ነው፣ የራሳቸው የላቸውም።»

ጌሙ ውስጥ የየመንግሥቱ ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ አለ። ወንድሜ በሕይወቱ ከጭነት ወረቀት ሌላ ሲያነብ አይቼው አላውቅም፣ ያንን ግን ቁጭ ብሎ አነበበው፤ ለእኔም ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አስነሺው በፊት ሕያው ሰው ነበር፣ የአንዲት ከተማ ሹም። ከተማዋ ወረርሽኝ ገባባት። ሕዝቡ ልውጣ ሲል በሩን ዘጋው፤ ነገ ያልፋል፣ ሥራችሁን ሥሩ አላቸው። አለቁ። እሱ ቀረ። ባዶ ከተማ ውስጥ ብቻውን መኖር ሲያቅተው የሞቱትን ማስነሳት ተማረ። የተነሱት አይጠሉትም፣ አይወዱትም። የሚፈልጉት ማረፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይሰጣቸዋል እንጂ ያቺን አይሰጣቸውም።

«ምን ዓይነት ክፉ ነው» አልኩ።

«ክፉ አይደለም» አለኝ ወንድሜ። «ፈሪ ነው።»

የሚነሱት ጭፍሮች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። ካሻህ ግን ስም ትጽፍላቸዋለህ። ወንድሜ ወደ መቶ ከሚጠጋ ጭፍራ ለሰባቱ ብቻ ስም ጻፈ። ሹፌሩ፣ ዘፋኙ፣ ሸበቶው፣ የመንታ አባት፣ ሳቂታው፣ አጭሬ፣ ዝምተኛው። ፋብሪካ ውስጥ የሚጠራሩበት ስም ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የሚያስታውሳቸው በዚህ ነው ብዬ ተውኩት።

ሰባቱን ከግንባር ርቆ ተራራ ሥር ያለ ምሽግ ውስጥ አስገባቸው፣ ከነሱ ጋር አንድ ታናሽ አስነሺ ትቶ። ውጊያ አስገብቷቸው አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት መጀመሪያ እዚያ ይሄዳል፤ አንድ በአንድ ይነካቸዋል፣ መቶ ሃያ መቶ ሃያ ሙሉ መሆናቸውን ያያል፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሚዞረው። ጠጋኙ ይስቅበት ነበር። «ጋሼ፣ ግንባር ላይ እየተቆራረጥክ እነዚህ ሰባት እዚያ ምን ይሠራሉ? ጡረታ አወጣሃቸው እንዴ?» ይለዋል። ወንድሜ «አትንካቸው» ነው መልሱ።

እኔም ጨዋታውን ተማርኩ። ከሰው ጋር ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አለመማር አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ልነቅፈው ነበር የማየው፤ በኋላ «በግራ በኩል ባዶ ተውክ» ማለት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እሱ በሌለበት አንድ ሁለት ተራ እንድጫወትለት ፈቀደልኝ።

አንድ ሰኞ እግሩን ሊታሽ ሐኪም ቤት ሄደ። የምሰፋው ቀሚስ ክር አልቆበት ስለነበር ማውሱን ያዝኩ። ተራውን ጨርሼ ስለቅ የሰዎቹ ንጉሥ ባላሰብነው በተራራው መንገድ ዞሮ ያቺ ምሽግ በር ላይ ቆሟል። ክው አልኩ። ሰባቱን በሩ ላይ አሰለፍኩ። መቼም እንደነሱ የቆመ አላየሁም። ፈረሰኛ ሲደርስባቸው ቆሙ፣ እሳት ሲዘንብባቸው ቆሙ፣ ግማሻቸው ሲረግፍ የቀረው ግማሽ ያቺኑ ቦታ አልለቀቀም። ንጉሡ ሸሸ። እሰይ የኔ ልጆች አልኩ፣ ብቻዬን።

ሰባቱ ግን ተመናምነው ነበር። ያ ታናሽ አስነሺ ውጊያው ላይ አቅሙን ጨርሶ ስለነበር የሚያስነሳበት አልቀረውም። አንዱ አርባ ቀርቶታል፣ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ ሌላው ሃምሳ ስምንት። ጌሙ ላይ የጎደሉ ጭፍሮችን አንድ የሚያደርግ ነገር አለ፤ ትጫነዋለህ፣ ሁለት ሦስቱ ይገጥሙና አንድ ሙሉ ይወጣቸዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሦስት ቁራጭ ገጥሜ ደህና ቀሚስ ያወጣሁ ሴት ነኝ፣ ቁርጥራጭ ተበታትኖ ሲቀመጥ እጄን ይበላኛል። ገጠምኳቸው። ሰባቱ ሦስት ሆኑ፣ ሙሉ ሙሉ፣ ጥርት ያሉ። ሲገጥሙ የሚቀረው የትልቁ ስም ነው። አይቻለሁ፤ አላሰብኩበትም። እንዳይጠፋብኝም ብዬ በሱው መዝገብ ላይ ሴቭ አደረግኩት፤ የበፊቱ በዚያው ጠፋ።

ወንድሜ መጥቶ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ እኔም እንደ ልጅ ላሳየው ተጣደፍኩ። «ንጉሡን አባረርኩልህ» አልኩት። ተቀመጠ። ምሽጉን ከፈተ። ሦስቱን አንድ በአንድ ነካ፣ እንደገና ነካ።

«ሹፌሩ የታለ?» አለ።

«ከዘፋኙ ጋር ገጠምኩት። ሁለቱም ጎድለው ነበር።»

«ሹፌሩ የታለ?»

«እዚያው ውስጥ ነው ያለው ጋሼ። ስሙ ነው እንጂ የጠፋው። ጠጋኙን ልጥራው፣ ይመልሰዋል።»

«አይመለስም» አለ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ማልቀስ ጀመረ። ወንድሜ እናታችን ስትሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም።

«ጋሼ፣ ጌም ነው እኮ» አልኩት።

«ጠዋት መጥቶ ነግሮኝ ነበር» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ሹፌሩ። ጠዋት ቢሮ መጣ። ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል፣ ከረጢቱ በዝቶበታል፣ ልጆቹን አውጣቸው አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነበር፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ጭነቱ ከምሳ በፊት እንዲያልቅ ታዝዤ ነበር። ጨርሱና ትወጣላችሁ አልኳቸው። ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ገቡ።»

«ፎርክሊፍቱስ?» አልኩ።

«ቆሞ ነበር። ሞተሩም ጠፍቶ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ከነሱ ጋር ከረጢት ያነሳ ነበር፣ ቶሎ ጨርሰው እንዲወጡ።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ሆስፒታል ተኝቼ ነው እሱ ነው ያጠፋው ማለታቸውን የሰማሁት። ዝም አልኩ። የሞተ ሰው ምን ይጎዳል ብዬ። ከሞተም በኋላ አዘዝኩት፣ የኔን ተሸከምልኝ አልኩት። ተሸከመ።»

ደም ፍላቴ ተነሳ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ እናታችን ብትሰማ ሁለታችንንም ነበር የምትረግመን። «ሁለት ዓመት» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኚያ ሽማግሌ እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ አንተ ዓይናቸውን እያየህ። እኔስ? ይቀበሉት ያልኳቸው እኮ እኔ ነኝ። በኔ አፍ አስዋሸኸኝ።»

«እታሰራለሁ» አለ።

«ትታሰራለህ። ስንቅ አመላልሳለሁ። ተነስ።»

ከሱ ሌላ ሰው የለኝም። ግን ተነሳ። ኮምፒውተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወጣን።

ሽማግሌው ከአንድ የአናጢ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው የሚኖሩት። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ምድጃ። ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ ቀርቶ፣ ከሥሩ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ይታያል፤ የልጃቸውን ፎቶ ያወረዱበት ነው። ሲያዩን ደነገጡ። እኛ ሄደን አናውቅም፣ እሳቸው ናቸው የሚመጡት።

ወንድሜ አልተቀመጠም። በክራንቹ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፣ ለኔ እንደነገረኝ፣ ምንም ሳያስቀር። ሽማግሌው አላቋረጡትም። ሲጨርስ፣ «ምን ነበር ያለህ? በራሱ ቃል ንገረኝ» አሉት።

«‹ጋሼ፣ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል። ልጆቹን አውጣቸው› አለኝ።»

«ልጆቹን አለ?»

«ልጆቹን አለ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። ይጮሁበታል፣ ይመቱታል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንዲመቱትም ፈልጌ ነበር። ቀና ሲሉ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነው።

«ስድስት ቤት ሄጃለሁ» አሉ። «ከቀብሩ በኋላ፣ በየተራ። ልጄ ሰዎቻችሁን ገደለባችሁ፣ እሱ ሞቷልና በሱ ፈንታ ይቅር በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። ሦስቱ ይቅር አሉ። ሁለቱ በር አልከፈቱም፤ ደጃፋቸው ላይ ተናግሬ ሄድኩ። አንዷ ያጠበችበትን ውሃ ደፋችብኝ። ይገባኛል ብዬ አመስግኛት ተመለስኩ። እሷም በሳምንቱ ሰው ልካ ይቅር አለችኝ።»

ወንድሜ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዝኩት። «አባባ፣ አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለ። «ቃሌን እሰጣለሁ።»

«ፖሊስ ነገም አለ» አሉት። «መጀመሪያ ስድስቱ ቤት።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ያቺን ጫማዬን አቀብዪኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። ክሩን ላስርላቸው ጎንበስ ስል እጄን ገፉና ራሳቸው አሰሩት፣ በዚያች በጎደለች ጣታቸው፣ ቀስ ብለው።

የመጀመሪያዋ ቤት ቅርብ ነበረች፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ። የዘፋኙ ሚስት ቤት ናት፣ የዚያች ውሃ የደፋችባቸው። እጇ አረፋ እንዳለው በሩን ከፈተች። ሽማግሌውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ይቅር ብያለሁ አላልኩዎትም?» አለች። «ምነው ተመልሰው መጡ?»

«ይቅርታሽን ልመልስልሽ ነው» አሏት። «ለልጄ ብለሽ የሰጠሽኝን። የሱ አይደለም፣ ጥፋት የለበትም።» ከበሩ ፈንጠር አሉና ወንድሜን ወደ ፊት አሳለፉት። «ንገራት» አሉት።

ነገራት። ሃያ ሁለት ዓመት ከማሽን በላይ የጮኸ ሰው ድምፁ አልወጣ ብሎ ሁለቴ ጀመረው። እሷ የአንዱን እጇን አረፋ በሌላው እየጠረገች ሰማችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ባሌ ያውቅ ነበር? ግድግዳውን?»

«ያውቅ ነበር» አለ ወንድሜ። «ሁሉም ያውቁ ነበር። ፈርተው ነበር። እኔ ግቡ ስላልኳቸው ገቡ።»

አላየችውም። ወንድሜን በአጠገቡ አልፋ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀች፣ እርጥብ እጇን ጫማቸው ላይ አድርጋ። ምን እንደምትል አይሰማም ነበር። እሳቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሷት፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፣ አቅም የላቸውም።

«ተነሺ ልጄ» አሏት። «ገና አምስት ቤት አለብን።»